በፈታኙ ዓይን ላይ የተገኘው ቅባት

ዘበኛው ሰውየውን ያገኘው ላሚቱን ውሃ ሊያጠጣ ወደ በረቱ ሲገባ ነበር። መጀመሪያ የተኛ መስሎት አፍሮ ሊመለስ ምንም አልቀረውም። ትልቅ ሰው፣ ያውም የቦርድ አባል፣ በሥራ ቀን ጭድ ላይ ተጋድሞ ማየት ለሚያየውም ያሳፍራል። ዓይኖቹ ግማሽ ክፍት መሆናቸውን ሲያይ ግን ባልዲውን ጥሎ ሮጠ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አምቡላንሱ ሰውየውን ወስዶት ነበር። በረቱ የሚገኘው የእንስሳት ሐኪሞች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ነው። የሙያ ፈቃድ የሚፈልግ ሐኪም ሁሉ የተግባር ፈተናውን የሚወስደው እዚህ፣ በእነዚህ ላሞች ላይ ነው። የተጎዳው ሰው ደግሞ ዋናው ፈታኝ ነበር።

"ሞቷል?" አለች ገና ከበሩ። መጥፎውን አስቀድሞ መጠየቅ ልማዷ ነው።

"ኧረ በሕይወት አለ፣ ኢንስፔክተር" አለ ሳጅኑ። "እኔ እንደ እሱ ተመቻችቶ የወደቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳያነሱት ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ይዩት።"

ስልኩን ተቀበለችው። ፈታኙ በጎኑ ተኝቷል። ጆንያ ተደራርቦ ታጥፎ ተደርጎለታል፤ ግን እንደ ትራስ ከጭንቅላቱ ሥር ሳይሆን ከአንገቱ ሥር ነው የገባው። በዚህ ምክንያት አፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ምራቁ ጭዱ ላይ ፈሷል። መነጽሩ ታጥፎ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ኮቱ ተደርቦለታል።

"ሌባ ኮት አያለብስም" አለች።

"ሌባ ቢሆን ኮቱን ነበር የሚወስደው። ያውም ጥሩ ኮት ነው።"

ስልኳ ጮኸ። እንደ ሁልጊዜው ልጇ ከትምህርት ቤት ደረጃ ወድቆ፣ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታያት። የደወለው ግን የሆስፒታሉ ሐኪም ነበር።

"በመርፌ ነው" አላት። "ዳሌው ላይ የተወጋበት ምልክት አለ። የሚተነፍሰው እኛ እየረዳነው ነው። የማደንዘዣ ዓይነት ነገር ተሰጥቶታል፤ የቱ እንደሆነ ግን የላቦራቶሪው ውጤት ቶሎ አይደርስልኝም። ማርከሻ ሊኖረው ይችላል። በግምት ብሰጠው ግን ልገድለው እችላለሁ። የወጋውን ሰው አግኙልኝ።"

"ይተርፋል?"

"የተሰጠውን ካወቅሁ። ሌላም ነገር አለ። ዓይኖቹ ላይ ቅባት ተደርጎበታል። እንዳይደርቁ የሚደረግ የዓይን ቅባት። እኛ አይደለንም ያደረግነው፤ ሲመጣ ነበረው።"

ስልኩን ዘግታ የሰማችውን ለሳጅኑ ነገረችው። ሳጅኑ አገጩን አሻሸ።

"ዳሌው ላይ? ቀበቶውን ፈትቶ ለጠላቱ የሚቆም ሰው አለ እንዴ?"

"ለጠላቱ አይደለም። ለሚያምነው ሰው ነው።"

"ወይ ለሚስቱ።"

"አፍህን ሰብስብና ተከተለኝ።"

የቦርዱ አባላት ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሻይ ቀርቦላቸው ማንም አልነካውም። በጠረጴዛው ራስ ያሉት ሰብሳቢዋ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ የላም ሐኪም ናቸው። ከአባላቱ አብዛኞቹን ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ እነዚህ ራሰ በራና ባለ ቦርጭ ሰዎች አሁንም "እማዬ" ይሏቸዋል።

"ልጄ፣ እንዴት ሆነ?" አሉ ሰብሳቢዋ ብድግ ብለው።

"ደህና ነው። አርፎ ተኝቷል" አለች ኢንስፔክተሯ። ፖሊስ የተጎዳ ሰው ያለበትን ሁኔታ ሊጠረጠር ለሚችል ሰው አይናገርም፤ ይህን የተማረችው ገና ምልምል ሳለች ነው። ሰብሳቢዋ በረጅሙ ተንፍሰው ተቀመጡ። የሌሎቹም ትከሻ ወረደ።

"ዛሬ ምን ነበራችሁ?"

አንዱ ብዕሩን አገላበጠ፤ ሌላው ጣራውን አየ። የመለሱት ሰብሳቢዋ ናቸው።

"የልጄ ጉዳይ ነበር። ክሊኒክ አላት። ፈቃዷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሥሩ እንዲሠራ ተወች። ሰውየው እሷ በሌለችበት አንዲት ላም በቀዶ ሕክምና አዋልዳለሁ ብሎ ላሟንም ጥጃዋንም ገደለ። ፈታኙ ፈቃዷ ይሰረዝ ብሎ አቅርቧል። ልክ ነው። የእኔም ልጅ ብትሆን ደንብ ደንብ ነው። እኔ ድምፅ ስለማልሰጥ ውጭ ልቀመጥ ነበር።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ኢንስፔክተሯ ቀናችባቸው። እሷ ብትሆን ልጇ ላይ እንዲህ ልትናገር አትችልም ነበር።

"ፈታኙ ሕመም ነበረበት? መርፌ የሚወጋው ሰው አለ?"

ሁሉም እኩል አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ የውሻ ሐኪሙ፣ ከአባላቱ በዕድሜ ትንሹ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጤነኛ ነው። እንደ ወይፈን።" ቀጥሎም ቶሎ ብሎ፣ "የምትፈልጉት ሰው ያ ባለ ቦርሳው ነው። ላሟን የገደለው። ጠዋት በሩ ላይ ሲያንዣብብ ዘበኛው አይቶታል።"

የመድኃኒት ክፍሉ ተፈተሸ። ቁልፉ አልተነካም፤ የጎደለ ነገር የለም። ሰብሳቢዋ ከጸሐፊዋ ጋር አብረው ገብተዋል፤ የውሻ ሐኪሙ እስከ ስብሰባው ሰዓት ከሚስቴ ጋር ቤቴ ነበርኩ አለ። ሌሎቹ ከከተማ ውጭ በአንድ መኪና ነው የመጡት።

ክሊኒኩ ከገበያው ጀርባ ያለ ጠባብ ቤት ነው። በር ላይ አንድ አንካሳ ውሻ ታስሮ ያላዝናል። ፈቃዱ እንደተባለው ግድግዳው ላይ በመስታወት ክፈፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የብረት ጠረጴዛ አለ። ባለ ቦርሳው የፖሊስ ልብስ ሲያይ በጓሮ በር ወጣ። ሳጅኑ የደረሰበት አጥሩ ላይ ነው፤ ሱሪውን ሽቦ ይዞት ተንጠልጥሏል።

"ና ውረድ፣ ወንድሜ" አለው ሳጅኑ። "ሱሪህ ካንተ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ፖሊስ አይሸሽም።"

አስገብተው አስቀመጡት። የተቀደደውን ሱሪ በቦርሳው ከለለ።

"ጠዋት ቦርዱ በር ላይ ምን ትሠራ ነበር?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ልለምን።"

"ማንን?"

"ፈታኙን። እግሩ ላይ ወድቄ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን ተዋት ልለው። ስደርስ ግን እግሬ ተሳሰረ። የላሟ ባለቤት አሮጊት ናቸው። ያን ዕለት ሲማጸኑኝ 'ዶክተር፣ ዶክተር' ይሉኝ ነበር። አይደለሁም ማለት እየቻልኩ ዝም አልኩ። ያ ሁሉ ትዝ ሲለኝ መግባት አቃተኝ።"

"ፈታኙን አየኸው?"

"ከሩቅ። ወገቡን ይዞ፣ እንዲህ ጎበጥ ብሎ ወደ በረቱ ሲሄድ። ብቻውን ነበር። እኔ ሰው ወግቼ አላውቅም፣ እመቤቴ። በልጆቼ እምላለሁ።"

የሰብሳቢዋ ልጅ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

"እናትሽ ምን አሉሽ?"

"'የሚመጣውን ቻይው፤ እኔን ተደግፈሽ አትቆሚም' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ አልሄድኩም። በየት ዓይኔ አያታለሁ?"

ባለ ቦርሳውን አንድ ፖሊስ እንዲጠብቀው አድርገው ወጡ። መኪና ውስጥ ሳጅኑ፣ "እሱ ነው፣ በከንቱ አንልፋ" አለ።

"ፈታኙ ለእሱ ቀበቶውን ይፈታለታል?"

ሳጅኑ ሞተሩን አስነሳ።

"ወገቡን ይዞ ነው ያለው" አለች ኢንስፔክተሯ። "እንደ ወይፈን ጤነኛ የሆነ ሰው ወገቡን ይዞ አይሄድም።"

የፈታኙ ሚስት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ በመስታወቱ በኩል ባሏን ከሚያሳየው ወንበር አልተነሳችም። ጠዋት ሳጅኑ በስልክ ሲጠይቃት "ምንም አያመውም" ብላው ነበር። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እህቴ፣ ባልሽ ወገቡን ያመዋል አይደል?"

"ኧረ እሱ..."

"ውስጥ ያለው ሐኪም የተሰጠውን መድኃኒት ካላወቀ ሊያድነው አይችልም። ካንቺ አልደብቅም።"

ሴትዮዋ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። "ብናገር ፈቃዱን ይነጥቁታል።"

"እነማን?"

"ራሳቸው! እሱና ጓደኞቹ ናቸዋ ደንቡን ያወጡት። የእንስሳት ሐኪም ሰው ካከመ ፈቃዱ ይሰረዛል። እነሱ ግን ሐኪም ቤት መሄድ ሞታቸው ነው፤ ወረፋ መያዝ አይወዱም። አንዱን ሲያመው ሌላው ይወጋዋል። ከቦርሳቸው አውጥተው፣ እዚያው በረቱ ውስጥ፣ እየተሳሳቁ። የእኔ ባል ወገቡ በተነሳበት ቁጥር አንዱ ያስታግስለታል።"

"ዛሬ ማን ወጋው?"

"አልነገረኝም። 'እዚያ አንዱ ይወጋኛል' ብሎ ነው የወጣው።" ፊቷን አዞረች። "ጠዋት ጠይቃችሁኝ ጤነኛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ለወረቀት ብዬ ባሌን..."

ኢንስፔክተሯ እጇን ያዘች። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንገቱን የደፋበት ምክንያት አሁን ገባት። ያለ ፈቃድ ያከመን ሰው ሊቀጡ የተሰበሰቡት ሁሉ፣ ያለ ፈቃድ ሰው ወግተዋል ወይም ተወግተዋል።

ወደ ቦርዱ ሲመለሱ ሳጅኑ የውሻ ሐኪሙን ወደ ኮሪደር አወጣው። የሐኪሙ ሚስት ጋ ደውሎ ነበር።

"ቤቴ ነበርኩ ብለውናል። ባለቤትዎ ግን ከትናንት ጀምሮ መልኩን አላየሁም ይላሉ።"

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። "አስወጥታኝ ነው። መኪናዬ ውስጥ አደርኩ። ጠዋት ጥርሴን የፋቅሁት ገበያው መግቢያ ካለው ነዳጅ ማደያ ነው፤ ቀጂው ልጅ ያውቀኛል፤ ውሻውን አክሜለታለሁ። በናታችሁ እዚያ ውስጥ እንዳትናገሩብኝ።"

"ይሄ እኮ ወንጀል አይደለም።"

"ከወንጀል ይብሳል። ወንጀለኛ ቢያንስ መኝታ ይሰጠዋል።"

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም፤ የጠዋቱን ፎቶ አሳየችው።

"ይህን አተኛኘት ያውቁታል?"

የውሻ ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

"የውሻ አይደለም። ውሻ ሲሆን ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ እናስገባለን። ይሄ የላም ነው። ላም ተደንዝዛም ምራቋ አይቆምም። አንገቷን ከፍ፣ አፏን ዝቅ ካላደረጉላት ታንቃ ትሞታለች።"

"ዓይኑ ላይም ቅባት ነበረ።"

"ዓይኗ ሳይከደን ነዋ የምትተኛው። ካልቀቡት ይደርቃል።" ስልኩን መለሰላት። "እንዲህ አድርጎ ያስተኛው ሰው ክፉ አላሰበም። እንዲነቃ ነው የፈለገው።"

"እንዲነቃ ከፈለገ ታዲያ ምን እንደሰጠው ለምን አይናገርም?"

የውሻ ሐኪሙ ግራ ገብቶት አያት። "ደህና ነው ብላችሁን የለ እንዴ?"

ኢንስፔክተሯ ግድግዳውን ደገፍ አለች። ያን ሁሉ ሰዓት ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ስትሮጥ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ መልሱን የያዘው ሰው ሻይ ፊት ቀርቦለት እዚህ ተቀምጧል። ዝም ያሰኘችው እሷ ናት። "ደህና ነው" ባለች አፏ።

ስልኳ ጮኸ። ሐኪሙ ነበር፤ ሰላምታም አልሰጣት።

"የልብ ምቱ እየወረደ ነው። አገኛችሁ ወይስ አላገኛችሁም?"

"ስልኩን እንዳትዘጋው" አለችውና ወደ አዳራሹ ዞረች።

ሳጅኑ ክንዷን ያዘ። "ኢንስፔክተር፣ ማስረጃ ሳንይዝ ከነገርናቸው ይክዳሉ። ጉዳዩ ይበላሽብናል።"

"ይበላሽ!"

በሩን በኃይል ከፈተችው። ሁሉም ቀና አሉ።

"ጠዋት ዋሽቻችኋለሁ" አለች። "ፈታኙ ደህና አይደለም። እየሞተ ነው። አሁን፣ እያወራን ሳለን። ሐኪሙ የተሰጠውን ካወቀ ሊያተርፈው ይችላል። እርስ በርስ እንደምትወጋጉ አውቄያለሁ፤ ስለ ፈቃዳችሁ ግድ የለኝም። ዓይኑን የቀቡለት ሰው፣ እባክዎ፣ ምን ሰጡት?"

ኢንስፔክተሯ የየፊታቸውን ዞራ አየች፤ ሁሉም አመድ መስለዋል። ከዚያ አንድ ወንበር ወለሉን እየፋቀ ወደ ኋላ ሄደ።

የተነሱት ሰብሳቢዋ ናቸው።

"ስልኩን ስጪኝ፣ ልጄ።"

ተቀበሏትና የመድኃኒቱን ስም፣ የሰጡትን መጠን፣ የወጉበትን ጊዜ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው አጥርተው ተናገሩ። ማርከሻውንም ጠሩ። "ሆስፒታላችሁ ከሌለው ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ አሁኑኑ ልኬልሃለሁ" አሉ። ሳጅኑ ቦርሳውን ነጥቆ ሮጠ።

"መጠኑን እንዴት ነው ያሰሉት?" የሐኪሙ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ተሰማ።

"ክብደቱን ገምቼ። ለዚያ ክብደት ጥጃ ከምሰጠው ላይ ቀንሼ።"

"ሰው እኮ ነው!" ብሎ ጮኸ ሐኪሙ።

ሰብሳቢዋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከተማሪዎቻቸው አንዱም ቀና ብሎ አላያቸውም። የውሻ ሐኪሙ ብቻ ከበሩ ሥር ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ወደ ቢሯቸው ወሰደቻቸው። ሳይጠየቁ ተናገሩ።

"በጀርባው በር ቀደም ብዬ ገባሁ። በረት ውስጥ ሆኖ ወገቡን ያሻል። 'እማዬ፣ እንደ ተለመደው' አለኝ። ማስታገሻ መስሎት ነው። ሲያዞረው ትንሽ ጋደም በል አልኩት፣ ተኛ። አመቻቸሁትና ወጣሁ። ከዚያ ጸሐፊዋን በር ላይ ጠብቄ አብሬያት ገባሁ።"

"ለምን?"

"አንድ ጠዋት ብቻ ነበር የፈለግሁት። እሱ ከጎደለ ድምፅ ሰጪው ቁጥር አይሞላም። የእኛ ዘመን ዛሬ ያበቃል፤ አዲሱ ቦርድ ነገሩን ከሥሩ ነው የሚጀምረው። እስከዚያ ልጄ ራሷን ታስተካክል ነበር።"

"ሲነቃ ቢናገርብዎስ?"

"ምን ብሎ? መርፌ ተወጋሁ ብሎ? የራሱ ፈቃድ ይሄዳል። እንደማይናገር አውቃለሁ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።" ይህን ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"ልጅዎን ግን 'ቻይው' ብለዋት ነበር።"

"አፌ ነው ያላት።"

ኢንስፔክተሯ መስኮቱን አየች። የራሷ ልጅ መጣባትና ዓይኗን ከሴትዮዋ ላይ አነሳች። እኔስ ብሆን ብላ ለማሰብ እንኳ ፈራች።

"ልጄ ትሰማለች?" አሉ ሰብሳቢዋ በጣቶቻቸው መሐል።

"ትሰማለች።"

"እንግዲያው ፖሊስ አይንገራት። ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ። ለእሷ መንገር አያቅተኝም።" እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ። "ያቅተኛል። ግን እኔ ልንገራት።"

ማርከሻው ሠራ። ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ሆስፒታል ሲደርሱ ፈታኙ በራሱ ይተነፍስ ነበር። ሚስቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ይዛዋለች። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲያናግሩት ፈቀደ፤ ሲያልፍ ለኢንስፔክተሯ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጠዋቱኑ ብትነግሩኝ እንዲህ አይጎዳም ነበር" አላት።

ፈታኙ ዓይኑን በግድ ገለጠ። "ስብሰባው ተካሄደ?"

"አልተካሄደም" አለች። "ማን እንደወጋዎት ይንገሩኝ።"

ሚስቱን አየ። ጣራውን አየ። ከንፈሩ ደርቋል።

"ማንም አልወጋኝም። አንሸራቶኝ ወደቅሁ።"

"ዳሌዎ ላይ የመርፌ ምልክት አለ።"

"ላሟ ረግጣኝ ይሆናል።"

"መርፌ ይዛ?" አለ ሳጅኑ።

"አንተ ሰውዬ!" አለች ሚስቱ። እግሩን ለቀቀችው።

ኢንስፔክተሯ ወደ አልጋው ቀረበች። በተቻላት መጠን በለሆሳስ ተናገረች፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ ጭካኔ መሰላት።

"ሰብሳቢዋ ሁሉንም ተናግረዋል። የሰጡዎትን መድኃኒት አባላቱ ሁሉ ባሉበት። እንደ ተለመደው እንዳሏቸውም ተናግረዋል። ሕይወትዎን ያተረፈው መናገራቸው ነው።"

ፈታኙ ደካማ እጁን ሰዶ የአንሶላውን ጫፍ ያዘ፤ ቀስ እያለ ደረቱን፣ አገጩን፣ አፉን አለፈና ፊቱን በሙሉ ሸፈነ።

ሚስቱ ልትገልጠው አልደፈረችም። ሳጅኑ ጫማውን ያይ ጀመር። መድኃኒት ይዛ የገባችው ነርስ ግን ነገሩን ስለማታውቅ ደንግጣ ትሪውን አስቀመጠችና አንሶላውን ጎትታ አወረደችው።

"ምን ማለት ነው ይሄ? ቀኑን ሙሉ የለፋነው እንዲተነፍሱ አይደለም እንዴ? ይተንፍሱ!"

ፈታኙ ዓይኑን ጨፈነ። ሁሉም እያዩት ተነፈሰ።